የቤት የአየር ፊልተር በየስንት ጊዜው ይቀየራል?

በአሜሪካ ብዙ ቤቶች በብርዱ ወራት የሚያሞቀውም በሙቀቱ ወራት የሚያቀዘቅዘውም አየር የሚመጣው ከአንድ ማሽን ነው። ቤዝመንት ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ይህ ማሽን የቤቱን አየር ይስባል፣ ያሞቃል ወይም ያቀዘቅዛል፣ ከዚያም በቱቦ ወደየክፍሉ ይመልሰዋል። ፊልተሩ ያለው በመግቢያው ላይ ነው፤ ወይ ከማሽኑ ጎን፣ ወይ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ላይ ካለው ሰፊ የአየር መሳቢያ ኋላ። ብዙ ሰው ፊልተር የተሠራው ለሳንባ ይመስለዋል። መጀመሪያ የገባው ግን የማሽኑን ፋንና ኮይል (አየሩ የሚቀዘቅዝበትን የቱቦ ጥቅል) ከአቧራ ለመጠበቅ ነበር፤ ለጤና የታሰቡ ፊልተሮች የመጡት ኋላ ነው።

የመንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሆነው ኢነርጂ ስታር የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ማሽኑ በብዛት በሚሠራባቸው ወራት ፊልተሩ በየወሩ ይታይ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ3 ወር ይቀየር። ይህ በብዙ ቤት ለሚገኘው ባለ 1 ኢንች ፊልተር ነው። ከእሱም ርካሹ፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ሳሳ ያለ የፋይበርግላስ ዓይነት 1 ወር ያህል ቢያገለግል ነው። 4 ወይም 5 ኢንች ውፍረት ያለውና ለእሱ የተሠራ ሳጥን የሚፈልገው ደግሞ ብዙ እጥፋት ስላለው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል።

ካርቶኑ ላይ የታተመው «90 ቀን» ግን መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፊልተርን የሚሞላው በውስጡ ያለፈው አየርና አየሩ የተሸከመው ብናኝ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በኤፕሪልና በኦክቶበር ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሳይነሳ ሊውል ይችላል፤ በጁላይና በጃንዋሪ ደግሞ እረፍት የለውም። ቴርሞስታቱ ላይ ፋኑ «ኦቶ» ከሆነ የሚዞረው ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ «ኦን» ላይ ከተተወ ግን ቀንም ሌሊትም ስለሚዞር ፊልተሩ ቶሎ ይሞላል። ውሻ ወይም ድመት ያለበት፣ ምንጣፍ የበዛበት፣ ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ከ3 ወር ቀድሞ ይጠይቃል። ግድግዳ ሲፋቅና ሲታደስ የሚነሳው ነጭ ብናኝ ደግሞ አዲስ ፊልተርን በቀናት ውስጥ ሊደፍን ይችላል።

የሐበሻ ቤት የራሱ ጉዳይ አለው። በጃንዋሪ ብርድ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ የሚወጣው ጭስ ማሽኑ የሚስበው አየር ውስጥ ይገባል። የጭስ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ርካሹ ፊልተር አብዛኛውን ያሳልፈዋል፤ የተሻለው ይይዘዋል፣ ግን በያዘው መጠን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ቡና በየቀኑ የሚቆላበት ቤት በየወሩ ማየቱን ባይተው መልካም ነው። አየርን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን የምድጃ ፋን መክፈትና መስኮት ለጥቂት ደቂቃ ገርበብ ማድረግ ከማንኛውም ፊልተር በላይ ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን ሊጤን ይገባል፦ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል የሚያወጣውን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የትኛውም የቤት ፊልተር አይዘውም። ከሰል ቤት ውስጥ ጨርሶ መንደድ የለበትም።

ማየቱ ቀላል ነው። ማሽኑ ይጠፋል፣ ፊልተሩ ይሳባል፣ ከአዲሱ ጎን ተይዞ ወደ ብርሃን ይዘረጋል። ንጹሑ ነጭ ነው፤ ያገለገለው አየር በሚገባበት ፊቱ ግራጫ ይለብሳል፣ በእጥፋቶቹ መካከልም ፀጉርና የምንጣፍ ብናኝ ተጠቅጥቆ ይታያል። አዲሱ የሚያሳልፈውን ብርሃን አሮጌው ካላሳለፈ ጊዜው አልፏል። ወደ ውስጥ የጎበጠ ፊልተር ወይም የሚያፏጭ መሳቢያም ያንኑ ይናገራል። አዲሱ ሲገባ ክፈፉ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማሽኑ ይዞራል። መጠኑ፣ ለምሳሌ 16 በ25 በ1፣ ከአሮጌው ክፈፍ ላይ ይነበባል፤ በጎኑ ክፍተት ካለ አየሩ ሳይጣራ በዚያ ያልፋል። የተቀየረበትን ቀን በእስክሪብቶ ክፈፉ ላይ መጻፍ ግምትን ያስቀራል።

ካልተቀየረ የሚጎዳው መጀመሪያ ማሽኑ ነው። በሙቀቱ ወራት ኮይሉ ላይ የሚያልፈው አየር ሲያንስ ኮይሉ በረዶ ይሠራል፤ ቤቱ አይቀዘቅዝም፣ በረዶው ሲቀልጥም ውሃው ወለል ላይ ይፈሳል። በብርዱ ወራት ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግልና የደኅንነት መቆጣጠሪያው ያጠፋዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። የተጠራ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጣው ፊልተሩን ነው።

የማጣራት አቅም የሚለካው «መርቭ» በሚባል ከ1 እስከ 16 በሚሄድ ቁጥር ነው። መርቭ 8 ለተለመደው አቧራና የአበባ ብናኝ ይበቃል፤ መርቭ 13 ጭስን ጭምር በከፊል ይይዛል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የካናዳ ደን ቃጠሎ ጭስ ኒውዮርክንና ዋሽንግተንን ሲሸፍን የሚመከረው እሱ ነበር። ሆኖም ቀጭኑ ባለ 1 ኢንች መርቭ 13 ለደካማ ወይም ላረጀ ማሽን አየር ሊያሳንስበት ስለሚችል ባለሙያ ጠይቆ መግዛት ይሻላል። አስም ያለበት ልጅ ላለበት ቤት ግን ይህን ጥያቄ ማንሳቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ሌላ ነው። የእሱ የፕላስቲክ ወንፊት አይጣልም፤ በብዛት በሚሠራበት ወቅት በየ2 ሳምንቱ፣ ከአሸዋ ማዕበል በኋላም ወዲያው፣ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ ፍጹም ሲደርቅ ይመለሳል።

በኪራይ ቤት ፊልተሩን የሚቀይረው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይታያል፤ የአከራዩ ኃላፊነት ከሆነ ተከራዩ በጽሑፍ ይጠይቅ። አዲሱ እስኪመጣ ድረስም ማሽኑ ያለ ፊልተር አይሥራ፤ ኮይል ላይ የተጣበቀን አቧራ ማጽዳት የባለሙያ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ከብዙ ፊልተሮች ይበልጣል።