«እጄን አስገብቼ ፈትሼዋለሁ»

መቻል የእናቴ ውሻ ነበር። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። አገር ቤት የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነውና፣ ለማን እንደተላከ እስካሁን አልነገረችኝም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። መቻል ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፣ አፉን መግጠም አቅቶታል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» አለችኝ። በጆንያ ጠቅልለን፣ የጎረቤት መኪና ለምነን ክሊኒክ ወሰድነው።

የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነው። «ምን ሆነ ማዘር?» አላት። እናቴ ታሪክ ስታወራ ከሥሩ ነው የምትጀምረው፤ ቡችላውን ማን እንደሰጣት ልትነግረው አፏን ስትከፍት «ክትባት አለው?» ብሎ አቋረጣት። ካርዱን ሰጠችው። «ቡስተር አልወሰደም፤ ኤክስፓየር አድርጓል» አለ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። ካርዱ ላይ በየዓመቱ መደገም እንዳለበት ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ። እናቴ አማርኛ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የምታነብ ሴት ናት፤ ያንን መስመር ግን ያነበበላት ሰው አልነበረም። እኔም ካርዱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ጠጋ ሳይል መቻልን በባትሪ አየው። ከዚያ «የሬቢስ ሰስፔክት ነው፣ ዩታናይዝ መደረግ አለበት፤ ጭንቅላቱን ለምርመራ ፓስተር እንልካለን» አለ። ከዚህ ሁሉ እናቴ የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱን። አንድ ነገር ልትናገር ጀመረች። «እማዬ፣ ቆይ፣ ዶክተሩ ይጨርስ» አልኳት። እንጀራዬ ሰው ጠይቄ መልሱን መስማት ነው፤ ያን ቀን ግን አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

ወረቀት ፈርመን ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሽበታም ሐኪም እጃቸውን ይታጠባሉ። እናቴ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እያጉረመረመች «አጥንትም አልነበረም፤ ጠዋት እጄን እስከ ጉሮሮው አስገብቼ ፈትሼዋለሁ» አለች።

ሰውየው ቧንቧውን ዘጉ። «የትኛውን እጅዎን?» አሏት።

ቀኝ እጇን ዘረጋች። ጠቋሚ ጣቷ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ የቆረጣት ቁስል ነበር። ቧንቧውን መልሰው ከፈቱና በሳሙና አሳጠቧት፤ ሰዓታቸውን እያዩ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «እህቴ፣ ይኼ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብለን እንጠረጥራለን። እብድ ይባል እንጂ ሁሌ አያሳብድም። አንዳንዱ ውሻ ዝም ይላል፣ መንጋጋው ይሰንፋል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ሰው አጥንት መስሎት እጁን የሚያስገባው ያኔ ነው። በሽታው በለሃጩ ውስጥ አለ፤ በቁስል ይገባል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መከላከያ መርፌ አለ፤ ዛሬውኑ ይጀምራሉ።» ጭንቅላቱ ለምን እንደሚፈለግም ሳትጠይቃቸው ነገሯት፤ በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር ነው።

እናቴ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሆድ ላይ ነው የሚወጋው?» በእሷ ዘመን ከበግ አንጎል የሚሠራው ክትባት ለብዙ ቀናት በተከታታይ ሆድ ላይ ይሰጥ ነበር። ያንን የሚያስታውስ ሰው መርፌውን ፈርቶ ሥር ማሽ ቤት ቢሄድ አይገርመኝም። «የለም፣ አሁን ክንድ ላይ ነው» አሏት። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ። መቻል በሽታው ነበረበት።

ወጣቱን ሐኪም መክሰስ ቀላል ነው፤ ግን ምርመራው ትክክል ነበር። መንጋጋውን አይቶ ወዲያው አውቆታል። ቢሾፍቱም ይማር ሌላ ቦታ፣ ሙያውን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። የተማረውን ለእናቴ በአማርኛ እንዲመልሰው ማን አስተማረው? ችግሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ታዋቂ ጥናት የሰው ሐኪሞች ታካሚው መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። ካናዳ ውስጥ በእንስሳት ሐኪሞች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ መቋረጡ የሚመጣው 11 ሰከንድ ገደማ ላይ መሆኑን አግኝቷል። የሰው ሐኪም ታካሚውን ቢያቋርጥ እንኳ ታካሚው ራሱ እዚያው ተቀምጧል፣ መልሶ ሊያስረዳ ይችላል። ውሻ አይናገርም። ያቺ ቡችላው ከማን እንደመጣ የምትጀምር ሴትዮ ብቻ ናት አፉ።

ደግሞ እንደ ገበሬ የከብቱን ሕመም የሚያውቅ ማን አለ? አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ከምድረ ገጽ የጠፋው ደስታ፤ ሁሉም ስም የወጣላቸው ማንም ሐኪም ሳይደርስ ነው። የበሬ ባለቤት የክረምቱን እርሻ እያሰበ የሚመጣ ሰው ነው። «ይድናል ወይስ ሳይሞት ልሽጠው?» የሚለውን ጥያቄ አፍ አውጥቶ ላይጠይቅ ይችላል፤ ካልጠየቁት ደግሞ አይነግርም። የታመመው ከብት ከታረደ ግን ነገሩ ከበሬው አልፎ ሥጋውን የሚበሉት ሰዎች ጋ ይደርሳል፤ አባ ሰንጋ ሰውም ይይዛል።

ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ሽበታሙ ሐኪም የተለየ መድኃኒት አልነበራቸውም፤ ብልሃታቸው ለማንም ያልተነገረችውን ማጉረምረም መስማት ነበር። እጃቸውን ቀደም ብለው ታጥበው ገብተው ቢሆን ኖሮ እኔና እናቴ ታክሲ ይዘን፣ ስለ ጭንቅላቱ እያለቀስን ቤታችን እንገባ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናቴ መርፌዋን ጨርሳለች፣ ደህና ናት። ባለፈው ወር አዲስ ቡችላ መጥቶላታል፤ ልታስከትበው ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሟ ካርዱን ሞልታ ስትሰጣት እናቴ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «ልጄ፣ የሚቀጥለውን በአማርኛ ጻፊልኝ፤ ወሩንም በእኛ አቆጣጠር» አለቻት። ከዚያ ቡችላውን ማን እንደሰጣት መንገር ጀመረች። እኔም ዝም አልኩ።