የሦስት ገጹ ደብዳቤ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

በ2013 ዓ.ል. በመድረሳ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እየሳተ ሲያነብ አስተዋልሁ። ቁርኣኑን ሲያቀርቡለት ግን አንድም አይስትም። ዓይኑ ከሩቅ አያይም ማለት ነው። ለአባቱ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። በሐምድና በሰለዋት ጀምሬ ስለ ዒልም ደረጃ፣ ወላጅ ስለተሸከመው አማና፣ መድረሳው ስለተቋቋመበት ዓላማ አተትሁ። የልጁ ዓይን የተነሣው በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ «ከዚህም ጋር በተያያዘ» ከሚል ሐረግ በኋላ ነበር።

አባትየው ማንበብ አይችሉም። ያነበበችላቸው ታላቅ ሴት ልጃቸው ናት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደክማት፣ «አባ፣ መድረሳው መዋጮ እየጠየቀ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ሁለት መቶ ብር ላኩ። እኔም ለምን እንደተላከ ሳልጠይቅ «አላህ ይቀበላቸው» ብዬ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። ከወራት በኋላ በዒድ ቀን አግኝቻቸው ስለ ዓይኑ ባነሣ፣ «የምን ዓይን ኡስታዝ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ጓደኞቹ ጁዝእ ዐምማን ጨርሰዋል። እሱ «ደነዝ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

ይህን ያጫወትሁት የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጄ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አዋሰኝ። ዊልያም ስትራንክ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1918 ለተማሪዎቹ ያሳተመው፣ በ1959 ደግሞ ተማሪው የነበረው ደራሲ ኢ. ቢ. ኋይት አስፋፍቶ ያወጣው ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ፍሬ ነገሩ፣ ትርጉም የማይጨምር ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ይውጣ የሚል ነው።

የደብዳቤዬን ረቂቅ አውጥቼ ቀይ እስክሪብቶ ያዝሁ። «የማስተማር ሥራ በመሥራት ላይ እገኛለሁ» ያልሁት «አስተምራለሁ» ሆነ። «ክትትል እንዲያደርጉ» ያልሁት «እንዲከታተሉ» ሆነ። «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ሲወጣ ምንም አልጎደለም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር አንባቢውን እስከ አራት ነጥቡ አንጠልጥሎ ያቆየዋል። ይህን እንኳ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ አላገኘሁትም፤ የዚያች ልጅ ድካም ነው ያስተማረኝ።

ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። በልጅነቴ ወሎ ውስጥ አጅሩሚያን በቃሌ ይዣለሁ። በ723 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብን አጅሩም የዐረብኛን ነሕው በጥቂት ገጾች የጨመቁባት ኪታብ ናት። ንግግር «ከላም» ለመባል «ሙፊድ» መሆን እንዳለበት ገና ከመግቢያዋ ታስተምራለች። ሙፊድ ማለት ሰሚው ሌላ ሳይጠብቅ የሚረካበት ነው እያሉ ሸኻችን ያብራሩልን ነበር። ሰላትን ማስረዘምና ኹጥባን ማሳጠር የሰውየው አስተዋይነት ምልክት መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውም በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ይህንን ሐዲስ እኔው ራሴ ለልጆች አስተምሬዋለሁ፤ ያውም አንድ ሰዓት ሙሉ!

ወዳጄ ሰላምታውም ይውጣ ቢለኝ ግን እምቢ አልሁ። ለታላቅ ሰው ሲጻፍ ሰላምታ ትርፍ ቃል አይደለም። አንድ መስመር ይበቃዋል እንጂ።

ባለፈው ዓመት ለአንዲት እናት የጻፍሁት ደብዳቤ ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ልጅዎ በቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም። እባክዎ በዚህ ሳምንት ሐኪም ያሳዩት።» በሦስተኛው ቀን የሐኪሙን ወረቀት ይዘው መጡ።