የጎረሰው የባሕር ጠመንጃ

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከውጭ ስገባ፣ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ የልጅ ልጄን በእንግዳ መቀበያው ክፍል መካከል ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ የኩራትም የፍርሃትም መልክ ነበረው። በእጁ የያዘው ከግድግዳዬ ላይ ያወረደውን አሮጌ የባሕር ጠመንጃ ነው።

«አባባ፣ አጎረስኩት፤ አሁን ግን እንዴት እንደሚወጣ አላወቅኩም» አለኝ።

የባሕር ጠመንጃ የምለው በባሩድ የሚሠራውን አይደለም። ትንፋሹን ይዞ ወደ ባሕር ጠልቆ ዓሣ የሚያድን ሰው የሚይዘው፣ እጀታና ቃታ ያለው፣ በጥይት ፈንታ ክንድ ተኩል የሚያህል የብረት ጦር የሚወረውር መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከውሃ ውጭ ማጉረስ እንኳ የማይገባ ነገር ነው። በባሕር ውስጥ ጦሩን ጥቂት ሜትር አስኪዶ የሚያደክመው ውሃው ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን የሚያቆመው ግድግዳ ወይም ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ጣቱን ከቃታው አርቆ፣ አፈሙዙን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ እንዲያስተኛው አዘዝሁት። ከዚያም ማንም በዚያ በኩል እንዳያልፍ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁና ማሰብ ጀመርሁ።

ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለች ከተማ የሚኖር ሰው ሰባት የባሕር ጠመንጃ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ማኖሩ ለምንድር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ባለቤቴም ይህንኑ ከሃያ ዓመት በላይ ስትጠይቀኝ ኖራለች። መልስ የምለው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከምጽዋ ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላመልክት።)

በ1967 በምጽዋ በባሕር ኃይል የጥገና ክፍል ወጣት መካኒክ ነበርሁ። ማታ ማታ ከሥራ ስንወጣ፣ የጀልባ ሞተር ወደሚያድስ አንድ ሽማግሌ ኢጣሊያዊ ዘንድ እየሄድሁ ሙያ እቀስም ነበር። ይህ ሰው በ1952 እና በ1953 ብሩኖ ቫይላቲ የሚመራው የኢጣሊያ የጠላቂዎች ጉዞ ወደ ዳህላክ ደሴቶች የመጣበትን ጊዜ እንደ ገድል ያወራው ነበር። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ የዚያን ጉዞ ፊልም አንሥቶ በ1954 አሳይቷል። ከተጓዦቹም አንዱ ራይሞንዶ ቡከር በ1949 በካፕሪ ደሴት አጠገብ በአንድ ትንፋሽ ሠላሳ ሜትር የጠለቀው ሰው ነው። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ እጁ ሁልጊዜ አንድ አጭር የባሕር ጠመንጃ ይወለውል ነበር። ልጁ ያጎረሰው ያንኑ ነው።

የዚህ መሣሪያ አገሩ ከማርሴይ እስከ ጄኖቫ ያለው የሜዲትራኒያን ጠረፍ ነው። በ1930ዎቹ በዚያ ይኖር የነበረ ጋይ ጊልፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ፣ የአውሮፕላን ነጂ መነጽር ውሃ እንዳያስገባ ደፍኖ ዓይኑ ላይ እያሰረ፣ በእጁ ጦር ጨብጦ ይጠልቅ ነበር፤ ስለዚሁም ጨዋታ በ1938 መጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን በየብስ ላይ ጦር የሚወረውር ክንድ በውሃ ውስጥ ሲሰነዘር ልክ በሕልም እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ገደማ አሌክሳንደር ክራማሬንኮ የተባለ ስደተኛ ሩሲያዊ በኒስ ከተማ ሆኖ በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ አወጣ። አሠራሩ ይህ ነው፤ በቧንቧ ውስጥ ረጅም ጥምዝ ሞላ አለ፤ ጦሩ በአፈሙዙ በኩል ይገባና ሞላውን እያመቀ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሲደርስ አንዲት የብረት ጥርስ ነክሳ ታስቀረዋለች። ቃታው ያቺን ጥርስ ያላቅቃታል።

መካኒክ ሆኜ ስመለከተው የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው። ሞላው የራሱ የሆነ ምንም ኃይል የለውም። የሚሰጠው የተሰጠውን ነው፤ ያውም በመፋተግ የሚጠፋው ተቀንሶ። አዳኙ በደረቱና በጉልበቱ ያጠራቀመውን ኃይል እንደ ስንቅ ይዞ ወደ ጥልቁ ይወርዳል ማለት ነው። ጉድለቱም ብዙ ነው፤ የባሕር ጨው ሞላውን ይበላዋል፣ ሲተኮስም ኳ ብሎ ዓሣውን ሁሉ ያባርራል። (ሞላ፣ ጎማ፣ ፖምፓ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው፤ የዚህም መሣሪያ ታሪክ ከሦስቱ አይወጣም።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማርሴይ ጎማው ገነነ። የዦርዥ ቡሻ «ታርዛን» የተባለው ጠመንጃ ልጆች ወፍ ከሚያባርሩበት የጎማ ወንጭፍ ብዙም አይለይም፤ ጎማው በግልጽ ይታያል፣ ሲተኮስም ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ሲበጠስ በቀላሉ ይለወጣል። ለሰብሳቢ ግን ከጎማ የከፋ ጠላት የለም። ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም በእጅ ላይ ይፈረፈራል። ከሰባቱ ሦስቱ ባለ ጎማ ሲሆኑ፣ አንዱም የመጀመሪያ ጎማው የለውም። አዲስ ጎማ ገዝተው የሚያስሩ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እኔ ግን ጥርስ እንዳለቀበት አፍ ባዶ ትቻቸዋለሁ። ሉዶቪኮ ማሬስ በ1949 በራፓሎ ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ በ1960ዎቹ «ስቴን» የተባለውን ባለ አየር ጠመንጃ አወጣ። በፖምፓ አየር ይሞላል፤ ጦሩ ሲገባ አየሩን የባሰ ያምቀዋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም፤ ሁሉም ነገር ተዘግቶበት ምን እንደሚሠራ አይታይም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በታሸገ ቀፎ እየገዙ የሚተኩሱም ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሕግ ጣልቃ ገባ። የፈረንሳይ ደንብ በሚፈነዳ ነገርም ሆነ በታመቀ ጋዝ ጦር መወርወርን ይከለክላል፤ ጋዙን ያመቀው አዳኙ ራሱ በእጁ እንደ ሆነ ግን ይፈቅዳል። ከክንድህ ያልወጣውን ኃይል ወደ ባሕር አትውሰድ ማለቱ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዳኝ ከዚህ የበለጠ ቅን ሕግ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በ1970 ጠመንጃውን አውሶኝ በምጽዋ አጠገብ ወዳለች አንዲት ደሴት በጀልባ ሄድን። የኮረሉ ግድግዳ ወደ ጥልቁ ከሚወርድበት ዘንድ ከድንጋይ ጉድጓድ አንድ ትልቅ ዓሣ ወጣ፤ ኢጣሊያኖቹ ቼርኒያ የሚሉት ነው። አልሸሸም። ቀስ እያለ ቀርቦ፣ እንደ ሰው ዓይኑን አዙሮ አየኝ። በመካከላችን ሁለት ሜትር አይሞላም ነበር፤ ተኮስሁ። ከውሃ ስወጣ ሽማግሌው ሳቀና ጠመንጃውን ገልብጦ ስሙን አሳየኝ። የጄኖቫ የክሬሲ ወንድማማቾች ሥራ ነው፤ ስሙም «ቼርኒያ» ይባላል። ዓሣውንና የሚገድለውን መሣሪያ በአንድ ስም ጠርተዋቸዋል።

ስለ ክንድና ስለ ቅንነት የተማርሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት ለምንም አልረባኝም። ያ ዓሣ ኃይሉ ከሞላ ይሁን ከባሩድ የሚለይበት ነገር አልነበረውም፤ እርሱ የመጣው እኔን ለማየት ነው። የዚህ ወገን ዓሦች ብዙዎቹ በሴትነት ጀምረው፣ ዕድሜና ግዝፈት ሲያገኙ ወንድ እንደሚሆኑ ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አዳኞች ትልቁን እየመረጡ ሲገድሉ ወንዶቹን ይጨርሱ ነበር ማለት ነው። ፈረንሳይም ይህን ዓሣ በጦር ማደንን በኮርሲካ በ1980፣ በሜዲትራኒያን ጠረፏ በ1993 አገደች። ሐንስ ሐስ የተባለው ኦስትሪያዊ ከሁላችንም ቀደም ብሎ ነገሩ ገብቶት ነበር። በ1937 ከጊልፓትሪክ ዘንድ ጦር አያያዝ ተምሮ፣ በኋላ ጦሩን በካሜራ ለወጠ፤ በ1949 እና በ1950ም ወደ ፖርት ሱዳን መጥቶ ቀይ ባሕርን ፊልም አነሣ።

እኔ ካሜራ አልገዛሁም። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን በምንም ነፍስ ላይ አልተኮስሁም። ሽማግሌው በ1975 ወደ አገሩ ሲመለስ ጠመንጃውን ሰጠኝ፤ ወደ አዲስ አበባ ስዛወርም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አመጣሁት። የቀሩትን ስድስቱን የገዛሁት ከ1991 በኋላ ኑሮ ጄኖቫ ባደረሰኝ ዘመን፣ እሑድ እሑድ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። «ቼርኒያን» በየዓመቱ እፈታዋለሁ፣ ሞላውን ዘይት እቀባለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ፤ ሳላጎርስ። እንዲህ ባልንከባከበው ኖሮ ሞላው ዝጎ ቀርቶ ልጁም ባላጎረሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ወለሉ ላይ የተጋደመውን እያየሁ ለልጁ ነገርሁት። በመጨረሻም፣

«ጉልበትህን አሁንም አለህ?» አልሁት።

«አለኝ አባባ።»

ከማድ ቤት የባለቤቴን የቡና ሙቀጫ አመጣሁ። የጦሩ ሹል አስቀድሞ ተፈትቶ ስለ ነበር፣ ደንቆሮውን ጫፍ እንዳይንሸራተት በሙቀጫው ውስጥ ተከልነው፤ ሰደፉም ወደ ላይ ሆነ። ፊቱን ከሰደፉ በላይ እንዳያደርግ አስጠንቅቄ፣ በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ቃታውን ያዝሁ። ጣቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልነካሁትም።

«ሲገፋህ አትልቀቀው፤ ያው ያስገባኸው ነው፣ ቀስ አድርገህ ተቀበለው።»

ቃታውን ሳብሁት። ጥርሷ ቀጭ ብላ ለቀቀች። የልጁ ክንዶች ተንቀጠቀጡ፣ ጠመንጃው ጣት በጣት ከፍ አለ፤ ከወገቡ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ደረቱ። ሁለታችንም የምንተነፍስ አልነበርንም። ከዚያ ሞላው ደረሰና ጦሩ በቧንቧው ውስጥ ላላ።

«ሙቀጫዬን የት ወሰዳችሁት?» ስትል ባለቤቴ በሩን ከፈተች።

በሙቀጫው ወለል ላይ የጦሩ ጫፍ ያጎደጎዳት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት ቀርታለች። ቡናው የሚወቀጠው አሁንም በዚያው ነው።