ጨው፣ ባትሪ እና ፍሪዘር

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ሞባይል የምትጠግኑ ልጆች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም ጻፈልኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም፤ አሁን ሞባይል ጥገና ላይ ነው። "ቲቸር፣ ያበጠ ባትሪ ፍሪዘር ውስጥ ቢያድር ይስተካከላል ይላሉ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን በረዶ አይሆንም ወይ? ይቅርታ፣ ኬሚስትሪ እንደማይገባኝ ይታወቃል" ይላል።

ኬሚስትሪ የማይገባው ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም! "ፍሪዚንግ ፖይንት ዲፕሬሽን" የሚለውን ርዕስ ስንት ጊዜ አስተምሬ "ቀመሩ ፈተና ላይ ይመጣል?" ከሚል ሌላ ጥያቄ ብዙም አልገጠመኝም። ስለዚህ አስፈቅጄው መልሱን እዚህ ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

የስልካችን ሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ አይደለም፤ ኦርጋኒክ አሟሚ ነው። ዋናው ኤቲሊን ካርቦኔት ይባላል። የሚገርመው፣ ንጹሕ ኤቲሊን ካርቦኔት የሚቀልጠው 36 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡት ጠጣር ነው ማለት ነው። ታዲያ ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ እንዴት ፈሳሽ ሆኖ ይሠራል? አንዱ ምክንያት ጨው ነው። የገበታ ጨው ሳይሆን ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት የሚባል የሊቲየም ጨው።

ጨው እንዴት ነው የመቅለጫ ነጥብን ዝቅ የሚያደርገው? የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍን አስቡ። ሰልፉ ጠጣሩ ነው፣ ግቢው ውስጥ የሚሯሯጠው ተማሪ ፈሳሹ። መቅለጫ ነጥቡ ላይ ከሰልፍ የሚወጣውና ወደ ሰልፍ የሚገባው እኩል ነው። አሁን የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ገቡ እንበል። እነሱ ሰልፍ አይገቡም፤ ግን በሩጫው መሃል ቦታ ይይዛሉ። ከሰልፍ የሚወጣው እንደ በፊቱ ነው፤ የሚገባው ግን አነሰ። ሰልፉ ይፈርሳል፣ ማለትም ጠጣሩ ይቀልጣል። ሁለቱን እንደገና እኩል ለማድረግ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ነገሩ ይኸው ነው። ጨው "ስለሚያሞቅ" አይደለም፤ ከጠጣሩ ሰልፍ የማይገባ እንግዳ ስለሆነ ነው።

ወሳኙ ነገር እንግዳው ማን መሆኑ ሳይሆን ብዛቱ ነው። ፈረንሳዊው ራዉል በ1880ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) የተለያዩ አሟሚዎችን እየለካ ያሳየው ይህንን ነው። ለዚህም ነው አሟሚው ሲለያይ ውጤቱ የሚለያየው። አንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 55 ሞል ያህል ውሃ አለ። አንድ ኪሎ ኤቲሊን ካርቦኔት ውስጥ ግን ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ 11 ሞል ያህል ብቻ ነው ያለው። አንድ ሞል እንግዳ 55 መሃል ሲገባና 11 መሃል ሲገባ አንድ አይደለም። ደብተራችሁ ላይ ያለው ኬ ኤፍ ለውሃ 1.86፣ ለቤንዚን 5.12 የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው (ቤንዚን ስል ኬሚካሉን ነው፣ መኪና የምንሞላውን አይደለም)። የኤቲሊን ካርቦኔትም ከ5 ትንሽ ከፍ ይላል።

እስቲ እናስላ። አንድ ኪሎ ኤቲሊን ካርቦኔት ላይ አንድ ሞል የሊቲየም ጨው፣ ማለትም 152 ግራም ገደማ፣ ጨመርን። ስኳር ቢሆን እንደ አንድ ነበር የሚቆጠረው። ጨው ግን ሲሟሟ ለሁለት ይከፈላል፤ ሊቲየሙ ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ። ሙሉ በሙሉ ተከፈለ ካልን 2 ጊዜ 5፣ 10 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከ36 ወደ 26 ገደማ መጣን ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም፤ በደብረ ብርሃን ጠዋት ስልኩ አይሠራም ነበር። ስለዚህ አምራቾች እንደ ዳይሜቲል ካርቦኔት ያሉ ቀጫጭን ፈሳሾችም ይቀላቅሉበታል። እነሱም በተራቸው እንግዳ ሆነው ሰልፉን ያፈርሳሉ። በዚህ ሁሉ ተደምሮ ነው ፈሳሹ ከዜሮ በታችም ሳይረጋ የሚቆየው።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። የቤት ፍሪዘር −18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፈሳሹ እንደ ድንጋይ ላይሆን ይችላል፤ ግን ይወፍራል፣ አዮኖቹም ይንቀረፈፋሉ። በብርድ ስልክ ድንገት የሚጠፋው በዚህ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

እብጠቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያበጠው ፈሳሹ ተበላሽቶ ጋዝ ስለሆነ ነው። ጋዝ ከ25 ወደ −18 ዲግሪ ሲወርድ መጠኑ ከ100 ወደ 86 ያህል ቢቀንስ ነው። ከፍሪዘር ስታወጡት ይመለሳል፤ የተበላሸውም እንደተበላሸ ነው። በዚያ ላይ ሲወጣ እርጥበት ያልበዋል። "ተስተካከለ" ብሎ ለደንበኛ መመለስ እሳት አሳቅፎ መላክ ነው።

ከዚህ የባሰው በመርፌ ወግቶ ጋዙን ማስወጣት ነው። እባካችሁ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አሟሚው ተቀጣጣይ ነው፤ መርፌው ውስጡን ካገናኘው እሳት ይነሳል። ያ የተመሰገነው ጨው ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ሳንባና ቆዳ የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ያበጠ ባትሪ ይቀየራል፣ በቃ። አሮጌውን ሳትጫኑት፣ ሳትወጉት፣ ቻርጅ ሳታደርጉት፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡት።

ለአሁን ተማሪዎቼም አንድ ነገር። ላብራቶሪ እንደሌለን አውቃለሁ፤ ቴርሞሜትር እንኳ በወረፋ ነው። ቀመሩን ሸምድዳችሁ ልታልፉ ትችላላችሁ፤ ሸምድዶ ያለፈም አለ። ግን "ይህ ነገር እጄ ላይ የት አለ?" ብሎ መጠየቅን ማንም ፈተና አይነፍጋችሁም፣ ማንም ውጤትም አይወስድባችሁም።

ሞባይል የሚጠግን ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካለ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ሰላም እደሩ።