ጨዋታ በሌለበት ቀን

የስታዲየም ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ወንበር ብዛትና ስለ ካፍ ፈቃድ ነው። አይገርመኝም። የአፍሪካ ዋንጫን በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ያነሳን ሕዝብ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ማላዊና ሞሮኮ ሄዶ ሲጫወት ብንቆጭ እውነት አለን። እኔ ግን ዕድሜዬን በነርስነት ስለገፋሁ ይሁን አላውቅም፣ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ጨዋታ በሌለበት ቀን በሩ ክፍት ነው ወይ?

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የብሎኩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ኳሷ መኪና ስትነካ ጥበቃው ይቆጣል፣ ባለመኪናው በመስኮት ይጮኻል፣ ልጆቹም ወደ ቤት ይገባሉ፤ ወደ ስልክ ማለቴ ነው። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ታዲያ የት ልጫወት?» ሲለኝ መልስ የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ለእኛ ለትልልቆቹም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ። ቡና ላይ ስንሰበሰብ የስኳርና የደም ግፊት ክኒን የማይውጥ ጎረቤት ጥቂት ነው። «በእግራችሁ ሂዱ» እላቸዋለሁ። የት ይሂዱ? አስፋልት ዳር፣ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፉ?

ሰው ቦታ ካገኘ አይሰንፍም። ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚመላለሱትን ያየ ያውቃል። ትኬት የለ፣ በር የለ፣ ወጣቱም ጎልማሳውም ላቡን ጠርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቦሌ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየም ከ60,000 በላይ ሰው እንዲይዝ የታሰበ ነው። አልቆ ባየው ደስታዬ ነው። ያ ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ግን በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ከሆነ ያሳዝናል። ዙሪያው መሮጫ፣ የዛፍ ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃ ይኑረው። ንጹሕ ሽንት ቤትም፤ ሳቁብኝ፣ ግን በእኛ ዕድሜ ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ የሚሄድ የለም። በጣሪያው የሚወርደው የክረምት ዝናብ ቢጠራቀም ሣሩን ያጠጣል። ግንባታ በሚካሄድበት ሰፈርም አፈሩ ላይ ውሃ ይረጭ፤ አቧራው አስም ያለበትን ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ኳታር ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ከሠራቻቸው ስታዲየሞች አንዱ 974 ይባላል፤ 974 የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነሮች ገብተውበታል። ከ40,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ሆኖ ሳለ ተፈትቶ ሌላ ቦታ እንዲተከል ታስቦ የተሠራ ነው። ኮንቴይነር ለእኛ መቼ ብርቅ ሆኖ! ዳቦውንም ዘይቱንም የምንገዛው ከኮንቴይነር ሱቅ ነው። አንዱ ለልብስ መቀየሪያ፣ አንዱ ለመጀመሪያ እርዳታ ቢሆን የሰፈር ሜዳ ተሟላ ማለት ነው። ቦታው ለሌላ ሲፈለግም ተጭኖ ይሄዳል፤ አይፈርስም።

ባለፈው የብሎካችን ስብሰባ ላይ በሁለቱ ሕንፃዎች መሀል ያለው ባዶ ቦታ ከመኪና ነፃ ሆኖ ለልጆች እንዲተው ጠየቅሁ። እናቶቹ ደገፉኝ፣ ሦስት ባለመኪኖች አጥብቀው ተቃወሙ። ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።