አንድም መርከቧ ቤት ናት

መተማ ዮሐንስ ሲመሽ ሙቀቱ ከመሬቱ ውስጥ መውጣት ይጀምራል። ሰው አልጋውን ግቢ ያወጣና ነፋስ እስኪመጣ ይጫወታል። እንዲህ ባለ አንድ ማታ ላፕቶፕ በርጩማ ላይ አስቀምጠን፣ አምስት ሆነን «ክራምብስ»ን አየን። ፊልሙ የ68 ደቂቃ ነው፤ ክርክሩ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። ያ ክርክር እስካሁን ከልቤ ስላልወጣ ነው ይህን የምጽፈው።

ላላያችሁት፦ ክራምብስ ማለት ፍርፋሪ ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገራችን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ የበቃ፣ ተዋንያኑ በአማርኛ የሚናገሩበት የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ዓለም እንዳለች ፈርሳለች። ሰማዩ ላይ ለዓመታት ሳትነቃነቅ የኖረች የጠፈር መርከብ ተንጠልጥላለች። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው ከሌላ ዓለም ነው የመጣሁት ብሎ ያምናል፤ መርከቧ ነፍስ የዘራች ሲመስለው አገሩ የሚገባበትን መንገድ ፍለጋ ይነሳል። ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ፍቅረኛው በተተወ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ትጠብቀዋለች። በዚያ ዓለም የእኛ ዘመን ተራ ዕቃ ክቡር ቅርስ ሆኗል፤ የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ውድ ዕቃ ይገመታል።

ፊልሙ ግን ሰውዬው እውነት ከሌላ ዓለም መጥቶ ይሁን ወይስ አእምሮው የፈጠረለት ተስፋ ይሁን አፍ አውጥቶ አይነግረንም። ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳው ጓደኛችን ቀደመ። «ይሄ የቀን ሠራተኛ ነው» አለ። ከደጋ ለአጨዳ ወርዶ፣ ዘንድሮ ገንዘቤን ይዤ እገባለሁ እያለ ዓመት ዓመትን የሚወልድበትን ሰው በየካምፑ ያውቀዋል። መርከቧ ያቺ «ዘንድሮ» ናት። ሌላው ደግሞ መርከቧ ውጭ አገር ናት አለ፤ ሁላችንም ቀና ብለን የምናያት፣ አንድ ቀን ትወስደኛለች የምንላት። እኔ ሰውዬው ታሟል ባይ ነበርኩ፤ እውነቱም ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ቅዠት ነው ብዬ ድርቅ አልኩ።

ጎንደር ቅኔና ትርጓሜ ቤት የቆየው አራተኛው ጓደኛችን እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ «አንድም በል እንጂ» አለኝ።

ያደግኩበት ነገር ሆኖ ሳለ እንደ አዲስ ሰማሁት። በአንድምታ፣ በመጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህሩ መጀመሪያ ንባቡን ያሰማል፤ ይፈታዋል፤ ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ፍች ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም»። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይባረርም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ መምህር ኤስድሮስ ታች ቤት የተባለውን የትርጓሜ ወገን ሲመሠርቱ፣ የላይ ቤት ሊቃውንትም የራሳቸውን ይዘው ቀጠሉ። ጓደኛችን ግን ልክ አለው አለ፤ ንባቡ የማይሸከመው ፍች አይጫንበትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችንን «ንባቡ የቱ ላይ ነው?» እያለ ፊልሙን ወደ ኋላ አስመለሰን። ወደ ቦታው ሄደን ስናይ አንዳንዱ ሐሳብ ቆመ፣ አንዳንዱ ወደቀ። የእኔም ቆመ፤ ግን ብቻውን አልነበረም።

ይህ ክርክር ሌላም አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ብሌድ ራነር» ሰው መሳይ ፍጡራንን የሚያሳድደው ዴካርድ እሱ ራሱ ሰው ነው ወይስ የተሠራ ፍጡር እያሉ ተመልካቾች ለዓመታት ተከራክረውበታል። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የተሠራ ነው አለ፤ ዴካርድን ሆኖ የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሰው ነው ብሎ ተሟገተ። የሠራው ሰው ተናግሮም ተመልካቹ ፊልሙን መልሶ ማየት አልተወም።

አምስተኛዋ እትዬ ናቸው፤ ቡናውን ያፈሉልን። ካርቱም ብዙ ዓመት ኖረው፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ በገላባት በኩል የድንበሩን ድልድይ ተሻግረው የገቡ ናቸው። በጥድፊያ ከጨመሯቸው ጥቂት ዕቃዎች መካከል የቴሌቪዥን ሪሞት ተገኘ። ቴሌቪዥኑ እዚያው ቀርቷል። ሪሞቱ እስከ ዛሬ መስኮታቸው ላይ አለ፤ አቧራውን ይጠርጉለታል። ሸክላው ሲገመት የሚያሳየው ቦታ ላይ «እስቲ መልሱልኝ» ብለው ሁለቴ አዩት።

«መርከቧ ቤቱ ናት» አሉ በመጨረሻ። «አትወስደውም። እሱም ሳያውቀው አይቀርም። ግን ዓይኑን ከሷ ላይ ካነሳ ከየት እንደመጣ ይጠፋዋል።»

ጓደኛችን ንባቡን አልጠየቃቸውም። ሰውዬው ፊልሙን ሙሉ ወደ ሰማይ ቀና ሲል ሁላችንም አይተነዋል።

የዚህች ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ከተማችን ስማቸውን ይዛ ቀረች። በእኛ በኩል ለአገርና ለሃይማኖት የወደቁ ንጉሥ ናቸው። በድንበሩ ማዶ፣ ጭንቅላታቸው በተወሰደባት በኦምዱርማን በኩል ግን ያው ቀን የድል ቀን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ድልድይ ነው። የወደቁት ግን በሁለቱም ወገን እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ያንን ንባብ የትኛውም ትርጓሜ አይለውጠውም።

ስለዚህ ፊልም አይታችሁ «እውነተኛው ፍች ይሄ ነው» ለማለት ስትነሱ፣ አብሯችሁ ያየው ሰው ከየት እንደመጣ ጠይቁት። እኔ የታመመ ሰው ባየሁበት ቦታ እትዬ ቤታቸውን አይተዋል። የእኔን አልተውኩትም። አሁን ግን ፊልሙን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእሳቸው ነው፤ ከዚያ ነው «አንድም» ብዬ የእኔን የማስከትለው።