ቀጭ ብላ የቀረችው አይሱዙ

 

የአንድ ጓደኛችን እናት ወደ አኼራ መሄዳቸውን የሰማነው ባለፈው ኅዳር፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ነበር። ጓደኛችን እናቱን ለማስታመም ከግቢ ከወጣ ሳምንት ሆኖታል። ቤተሰቡ የሚኖረው ከቦቆጂ ማዶ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ጀናዛ አይቆይምና ቀብሩ በማግሥቱ ረፋድ 4 ሰዓት እንደሚሆን ተነገረን። ከአሰላ ቦቆጂ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ነበረብን። ገንዘብ አዋጥተን አንድ የጭነት አይሱዙ ተኮናተርን። እህቶቻችን ጋቢና፣ እኛ ወንዶቹ ከላይ እንድንሆን ተስማማን።

ሱብሒን ሰግደን መኪናዋ ወዳደረችበት ግቢ ስንደርስ ገና በቅጡ አልነጋም። የአሰላን የኅዳር ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከተማዋ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው የጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው የተቀመጠችው። ጋቢያችንን ተከናንበን እጃችንን እያፋተግን ቆምን። ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ።

«ቀጭ» አለች። ሌላ ምንም የለም። ደግሞ አዞረ። ደግሞ «ቀጭ»።

ሹፌሩ ወርዶ በመዶሻ እጀታ ሞተሪኖውን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ተመልሶ ሞከረ፤ ያው ነው። በግፊ እናስነሳት አልን፤ የግቢው መውጫ ግን ዳገት ነው፣ መሬቱም በጤዛ ያንሸራትታል። ገፍተን ገፍተን ከቦታዋ ብዙም ሳናርቃት ትንፋሽ አጠረን። በዚህ መሃል ሰዓቱ 12 ተኩል አለፈ። ሹፌሩ ወደ ረዳቱ ዞረ።

ረዳቱ ዕድሜው ከአሥራ ስድስት የማይበልጥ ልጅ ነው። ሌሊቱን ጋቢና ውስጥ ነበር ያደረው። ሹፌሩ «ሬዲዮ ከፍተህ አድረህ ባትሪዬን ጨረስክብኝ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ «ወላሂ አልከፈትኩም ጋሼ፣ ስልኬ ነው» አለ። ይህን ጊዜ ከእኛ አንዱ፣ በዚያው ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ወንድማችን፣ «ማታ ሳልፍ ከመኪናው ውስጥ ድምፅ ሰምቻለሁ» ብሎ መሰከረ። ሌላው ጨመረ፤ «ልጆች እኮ እንዲህ ናቸው፣ ኃላፊነት አይሰማቸውም» አለ። የቀረነው ዝም አልን። ዝምታችን ግን ለማንም አልጠቀመም፤ ለሹፌሩ እንደ ማረጋገጫ ሆነለት። «ዕቃህን ይዘህ ውረድ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተና እኔ ተለያይተናል» አለው። ልጁ ፌስታሉን ይዞ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ከየት አገር እንደመጣ፣ ሄዶ የት እንደሚያድር አንድም ሰው አልጠየቀውም። የእኛ ልብ ያለው ቀብሩ ላይ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ኢተያ ያደገ ነው። አርሲ ስዊድን ትደግፈው የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ማለትም ካዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከተጀመረበት ዘመን አንሥቶ ትራክተር የለመደ አገር ነው። የዚህ ወንድማችን አባትም ትራክተርና ኮምባይነር በመጠገን ነው ያሳደጉት። እስካሁን ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። ወደ ሹፌሩ ተጠግቶ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ላስቸግርዎት፤ እስቲ የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩልኝ» አለው።

ሹፌሩ ተበሳጭቶም ቢሆን አደረገው። መብራቱ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ተሰማ፤ መብራቱ ግን እምብዛም አልደበዘዘም።

«ባትሪው አላለቀም» አለ ወንድማችን። ከዚያም እንዲህ ሲል አስረዳን። ባትሪ ሲደክም ድምፁ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀጭ አይደለም፤ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ይንጣጣል። ምክንያቱም በሞተሪኖው ላይ ያለው ማግኔት ለመሳብ ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ ስቦ ዋናውን መስመር ሲያገናኝ ግን የደከመው ባትሪ ኃይሉ ይወርዳል፣ ማግኔቱም ይለቃል፤ ሲለቅ ኃይሉ መለስ ይላል፣ እንደገና ይስባል። ያን ጊዜ መብራቱም አብሮ ይፈዛል ወይም ይጠፋል። አንድ ጠንካራ ቀጭ ተሰምቶ መብራቱ ደምቆ ከቀረ ግን ባትሪው ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ሞተሪኖው ዘንድ መድረስ ነው ያቃተው።

ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር ቴስተር አወጣ። የእኛዋ አይሱዙ ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ተከታትለው የታሰሩላት፣ በ24 ቮልት የምትሠራ ናት። የሞላ ባትሪ ለየብቻው 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከ25 ትንሽ ከፍ ይላሉ ማለት ነው። በዚያ ብርድ 24.9 አነበበ። ቁልፉ ሲዞርም ከ24 በታች አልወረደም። ልጁ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ይመለከተናል።

ቀጥሎ ወንድማችን የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፉን አስዞረ። ነገሩ ደህና ቢሆን በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ሊታይ አይገባም። 11 ቮልት አሳየ። ከባትሪው የወጣው ጉልበት ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው መንገድ ላይ እየቀረ ነበር።

«መመለሻው ነው የተዘጋው» አለ። ኤሌክትሪክ በፖዘቲቩ ገመድ ሄዶ ሞተሪኖውን ካዞረ በኋላ በሞተሩ ብረት፣ ከዚያም ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መሄጃው ክፍት ሆኖ መመለሻው ከጠበበ ሥራ የለም። መብራቶቹ በዚያ ገመድ በኩል ስለማይመለሱ ምንም አልነካቸውም። ቢነካቸውም እንኳ መብራት የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ነው፤ የጭነት መኪና ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ይጠይቃል።

ለማረጋገጥ የባትሪ ማስነሻ ገመድ አመጣና አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አያያዘ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አይቶ «ያዙሩት ጋሼ» አለ። ሞተሪኖው ዞረ፤ መኪናዋ ጭሷን ለቅቃ ተነሳች። እህቶቻችን «አልሐምዱሊላህ!» አሉ።

ሹፌሩ ግን ሞተሩን አጠፋና ከመኪናው ሥር ገባ። እዚያ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «ይኼን ገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከሥር ሰማን። ባለፈው ሳምንት ፍሪሲዮን ለመቀየር የማርሽ ሳጥኑን ሲያወርድ ገመዱን ፈትቶት ነበር። መልሶ ሲያስር ዝገትና ዘይት ላይ ነው ያሰረው፤ ብሎኑንም በደንብ አላጠበቀውም። በሞቃት ሰዓት እንደምንም ትነሳ ነበር። የኮረኮንቹ ንቅናቄ ብሎኑን ይበልጥ ሲያላላው፣ ብርዱም ዘይቱን አወፍሮ ሞተሪኖው ተጨማሪ ጉልበት ሲጠይቅ፣ በዚያ ጠዋት እንቢ አለች።

ባትሪውን ፈትተው ቦታውን በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው መልሰው አሰሩት። ሲሠሩ ቁልፍ ሲያቀብል የነበረው ያው ልጅ ነው፤ ማንም ሳይጠራው ፌስታሉን አስቀምጦ መጥቶ ነበር። አንድ ተኩል ሲሆን ተነሳን። ሹፌሩ ከመውጣቱ በፊት ልጁን ትከሻውን ይዞ «አፉ በለኝ፣ ውጣ» አለው። ሌላ አልተናገረም።

የእኛ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። ጭላሎን በግራችን ትተን በሳጉሬ በኩል ስናልፍ፣ ስንዴው በታጨደባቸው ማሳዎች መካከል፣ ልጁ ከኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድምፅ ሰማሁ ያለው ወንድማችን ጋቢውን አካፈለው፤ «የሰማሁት እውነት ነው፣ ከምን እንደመጣ ግን ሳላውቅ ተናገርኩ። አፉ በለኝ» አለው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አሳየው፤ ማታ ያዳምጥ የነበረው ቁርኣን ነበር። ማናችንም ቃል አልወጣንም።

ሑጁራት ላይ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ መታዘዛችንን በየሐለቃው ስንማር ኖረናል። ያን ዕለት ግን ማጣራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በዓይናችን አየን፤ መብራቱን ለማብራትና ቁልፉን ለማዞር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አንድን ልጅ ከእንጀራው ለማፈናቀል የበቃው «ሰምቻለሁ» የሚል አንድ ቃልና የእኛ ዝምታ ነው። ያ ወንድማችን አልዋሸም። እኛም ክፉ አላሰብንም። ቸኩለን ነበር።

መኪና ያላችሁ ወይም ለዳዕዋና ለዚያራ የምትኮናተሩ ይህን ያዙ። ቀጭ ብላ ብትቀር መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ፣ መብራቱን እዩ። የባትሪው ገመዶች ሁለቱም ጫፎች መጥበቃቸውንና መጽዳታቸውን ሳታዩ ባትሪም ሞተሪኖም ለመግዛት አትሩጡ። ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ አሉ፤ ማርሽ ውስጥ ካለች ሰው ላይ ልትሄድ ትችላለችና ተጠንቀቁ።

ቀብሩ ቦታ የደረስነው ለሶላተል ጀናዛ ሰልፍ ሲያዝ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ተራራው ጥግ አቁሞ፣ ዉዱእ አድርጎ ከኋላችን ቆመ። አፈር በሚመለስበት ጊዜ ጓደኛችን ደክሞ ነበርና አካፋውን ከእጁ የተቀበለው ረዳቱ ነበር። አላህ ለእናታችን ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው፤ ለእኛም የቸኮልንበትን ይማረን። ወሰላሙ ዐለይኩም።